የቸርችል ሽጉጥ፦ ከኦምዱርማን ሜዳ እስከ ዛሬው የጥይት ክርክር

ከኻርቱም ደቡባዊ ሰፈሮች አንዷ ከሆነችው ጀብራ ተነሥቶ ነጭ ዓባይን የተሻገረ መንገደኛ፣ ኦምዱርማንን አቋርጦ ወደ ሰሜን ሲያቀና የከረሪ ኮረብቶች ግርጌ ይደርሳል። በዚያ ሜዳ ላይ፣ እ.አ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ የ23 ዓመት እንግሊዛዊ የፈረሰኛ መኮንን ፈረሳቸውን እያስጋለቡ ጎራዴያቸውን ወደ ሰገባው መለሱና በምትኩ ሽጉጥ መዘዙ። ከፊታቸው ጦርና ጎራዴ የጨበጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የኸሊፋው ተዋጊዎች ነበሩ።

መኮንኑ ዊንስተን ቸርችል ነበሩ። ከአራት አሥርት ዓመታት በኋላ የብሪታኒያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት መርተዋል። በአዲስ አበባ ከማዘጋጃ ቤት ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደው ሰፊ ጎዳናም በስማቸው ይጠራል። ታሪክ የሚያስታውሳቸው በንግግራቸው፣ በሲጋራቸውና በግትርነታቸው ነው። በወጣትነታቸው ግን ሕይወታቸው ቢያንስ ሁለት ጊዜ በአንድ ሽጉጥ ዙሪያ ተንጠልጥላ ነበር፤ አንድ ጊዜ ሽጉጡ በእጃቸው ስለነበረ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ስላልነበረ።

በዚያ ዘመን የጦር መኮንኖችን ያከራክር የነበረው ጥያቄ ዛሬም አልተቋጨም። ራሱን ለመከላከል ለተገደደ ሰው የሚበጀው ወፍራምና ዝግተኛ ጥይት ነው ወይስ ቀጭንና ፈጣን? ጫፉ ድፍን የሆነ ነው ወይስ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚጠፈጠፍ? የቸርችል ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ያልተጠበቀ መልስ ይዟል።

የወለቀው ትከሻ

ቸርችል የተወለዱት ኖቬምበር 30 ቀን 1874 በእንግሊዝ ብሌንሃይም ቤተ መንግሥት ነው። አባታቸው ሎርድ ራንዶልፍ ቸርችል ስመ ጥር ፖለቲከኛ፣ እናታቸው ጄኒ ጀሮም ደግሞ አሜሪካዊት ነበሩ። ወጣቱ በትምህርት ብዙም አልገፉም፤ የሳንድኸርስት የጦር አካዳሚን የመግቢያ ፈተና ያለፉት በሦስተኛ ሙከራቸው ነበር። በ1895 የአራተኛው ሁሳርስ የፈረሰኛ ክፍለ ጦር መኮንን ሆኑ።

በቀጣዩ ዓመት ክፍለ ጦሩ ወደ ሕንድ ተላከ። ቸርችል ከትንሽ ጀልባ ወደ ቦምቤይ ወደብ ሲወርዱ በግንቡ ላይ የተተከለውን የብረት ቀለበት ጨበጡ፤ በዚያች ቅጽበት ማዕበሉ ጀልባዋን ወደ ታች ሳባት። ቀኝ ትከሻቸው ወለቀ። ጉዳቱ ዕድሜ ልካቸውን አልተዋቸውም። የፈረስ ላይ ጨዋታ የሆነውን ፖሎ እንኳ ክንዳቸውን ከሰውነታቸው ጋር አስረው ለመጫወት ተገደዱ።

በዚያ ዘመን የፈረሰኛ መኮንን ዋነኛ መሣሪያ ጎራዴ ነበር። በጎራዴ ለመምታት ክንድን ወደ ላይ አንሥቶ በኃይል ማውረድ ያስፈልጋል። የወለቀ ትከሻ ደግሞ በውጊያ መካከል እንደገና ሊወልቅ ይችላል። ስለዚህ ቸርችል የእጅ በእጅ ግጥሚያ ከመጣ በጎራዴ ሳይሆን በሽጉጥ እንደሚዋጉ አስቀድመው ወሰኑ። ምርጫው የተወለደው ከሰውነታቸው ድካም እንጂ ለመሣሪያ ካላቸው ፍቅር አልነበረም።

ወደ ሱዳን

ከዐድዋ ድል በኋላ በ1896 የጣሊያን ጦር ከሰላ ላይ ሲጨነቅ፣ እንግሊዞች ይህን ምክንያት አድርገው በግብፅ በኩል ወደ ዶንጎላ መዝመት ጀመሩ። በ1885 መህዲስቶች ኻርቱምን ይዘው ጄኔራል ጎርደንን መግደላቸው በለንደን አልተረሳም ነበር። በኢትዮጵያም በኩል ቁስሉ ትኩስ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1889 መተማ ላይ ከመህዲስቶች ጋር ሲዋጉ በጥይት ቆስለው ሕይወታቸው አልፏል።

ቸርችል በዚህ ዘመቻ ለመሳተፍ ጓጉ። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኪችነር ግን ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ወጣት መኮንን አልፈለጉም፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ሳልስበሪን አማላጅነት እንኳ አልተቀበሉም። በመጨረሻ ከለንደን የጦር ሚኒስቴር በኩል መንገድ ተገኘና ከ21ኛው የላንሰርስ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመደቡ። ወጪያቸውን ራሳቸው እንዲሸፍኑ፣ ቢቆስሉ ወይም ቢሞቱ መንግሥት ምንም እንደማይከፍል ተነገራቸው። ዘግይተው በመድረሳቸውም ሊሰጣቸው የነበረው የጦር ጓድ ለሌላ ወጣት መኮንን፣ ለሮበርት ግሬንፌል ተሰጠ።

ሁለት ሽጉጥ፣ ሁለት እምነት

የእንግሊዝ መኮንኖች በዚያ ዘመን ሽጉጣቸውን በራሳቸው ገንዘብ ይገዙ ነበር። አብዛኞቹ የሚይዙት ዌብሊ የተባለውን ጥይት ማጉረሻው የሚሽከረከር ሽጉጥ ነው። የዌብሊ ካሊበር፣ ማለትም የአፈሙዙ ውስጣዊ ስፋት፣ 0.455 ኢንች ወይም 11.5 ሚሊሜትር ገደማ ነበር። አረሩ ወደ 17 ግራም ይመዝናል፤ ፍጥነቱ ግን በሰከንድ 200 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ስድስት ጥይት ይጎርሳል። ደጋፊዎቹ ከባድና ወፍራም አረር የሚሮጥን ሰው ባለበት ያቆማል ብለው ያምኑ ነበር።

ቸርችል ግን ወደ ሱዳን ከመሄዳቸው በፊት ለንደን ላይ የገዙት የጀርመኑን ማውዘር ነበር። በ1896 የወጣው ይህ ሽጉጥ በጊዜው አዲስ ፈጠራ ነው። ከአንዱ ተኩስ በኋላ ቀለሁን ራሱ አስፈንጥሮ ቀጣዩን ጥይት ራሱ ያጎርሳል፤ አሥር ጥይትም ይይዛል። ካሊበሩ 7.63 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ አረሩም ከዌብሊው አንድ ሦስተኛ ገደማ፣ 5.5 ግራም ይመዝናል። ነገር ግን በሰከንድ ከ400 ሜትር በላይ ይምዘገዘጋል።

ሁለቱ በሂሳብ ሲነጻጸሩ ውጤቱ ያስገርማል። የአንድ አረር ጉልበት ከክብደቱ ይልቅ በፍጥነቱ ስለሚወሰን፣ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት ትንሿ የማውዘር ጥይት ከትልቁ የዌብሊ ጥይት የበለጠ ጉልበት ነበራት። የዌብሊ ወገኖች ግን ጉልበት ብቻውን ሰውን አያቆምም፤ ቀጭን አረር ሥጋን በስቶ ኃይሉን ይዞ ያልፋል ሲሉ ይሞግቱ ነበር። ሁለቱም ወገኖች ከእውነት ድርሻ ነበራቸው።

ቸርችል በክርክሩ ብዙም አልተጠመዱም። በዓባይ ወንዝ ሽቅብ በተጓዙባቸው ቀናት በአዲሱ ሽጉጥ በጥንቃቄ ተለማመዱ። ከካሊበሩ ይልቅ የጠቀማቸው ይህ ልምምድ ሳይሆን አልቀረም።

ሁለቱ ደቂቃዎች

በውጊያው ዕለት የኸሊፋ ዐብዱላሂ ጦር በመድፍና በማክሲም መትረየስ ከተመታ በኋላ፣ 21ኛው ላንሰርስ ወደ ኦምዱርማን የሚወስደውን መንገድ እንዲያስስ ታዘዘ። ከ300 በላይ ፈረሰኞች በሜዳው ላይ የታዩአቸውን ጥቂት መቶ ተዋጊዎች ለመጥረግ ጋለቡ። ያላዩት ነገር ነበር። ከተዋጊዎቹ ኋላ በነበረው ደረቅ የወንዝ መውረጃ ውስጥ ሁለት ሺህ ያህል ሰዎች አድፍጠው ነበር። ከመሪዎቻቸው አንዱ ከራስ አሉላ ጦር ጋር በ1885 ኩፊት ላይ የተዋጉት ዑስማን ዲግና ነበሩ።

ፈረሰኞቹ መመለስ አልቻሉም፤ በቀጥታ ወደ ሸለቆው ገቡ። ከዚያ በኋላ ውጊያው የክንድ ርቀት ሆነ። አንድ ተዋጊ መሬት ላይ ተኝቶ የቸርችልን ፈረስ ቋንጃ ለመቁረጥ ጎራዴውን አዘጋጀ፤ ቸርችል ከጥቂት ሜትሮች ርቀት ላይ ሁለት ጊዜ ተኮሱበት። ሌላው ጎራዴውን አንሥቶ ሲመጣ የሽጉጡ አፈሙዝ ሰውነቱን እስኪነካ ቀርቦ ነበር። ሜዳውን ሲወጡ አሥሩም ጥይቶች አልቀዋል። ፈረሳቸውም ልብሳቸውም ጭረት እንኳ አልነካውም።

ሁሉም እንዲህ አልታደሉም። በሁለት ደቂቃ ገደማ ክፍለ ጦሩ 21 ሰዎችን በሞት አጣ፤ ሃምሳ ያህሉ ቆሰሉ፤ ከመቶ በላይ ፈረሶችም ሞቱ ወይም ቆሰሉ። ከሟቾቹ አንዱ ቸርችል ሊይዙት የነበረውን ጓድ የመራው ግሬንፌል ነበር። በተቃራኒው ወገን በዕለቱ የሞቱት ሱዳናውያን ከአሥር ሺህ በላይ ናቸው። አብዛኞቹን የገደላቸው ሽጉጥ ሳይሆን መድፍ፣ መትረየስና ጠመንጃ ነው።

እንዲህ ባለው ግጥሚያ የጥይቱ ስፋት ምን ያህል ዋጋ ነበረው? በክንድ ርቀት ላይ ቸርችልን ያዳናቸው በአንድ እጅ በፍጥነት መተኮስ መቻላቸው፣ ከስድስት ይልቅ አሥር ጥይት መያዛቸው፣ እንዲሁም ዕድል ነበር። የዌብሊው ሰው በስድስተኛው ጥይት ላይ ባዶ እጁን ይቀር ነበር።

ጫፉ የተሞረደው ጥይት

በዚያው ዓመት በሱዳን ሌላ ጉዳይም ተነሥቶ ነበር። ድፍን የብረት ልብስ ያለው የእንግሊዞች 0.303 የጠመንጃ ጥይት ሰውን በስቶ ያልፋል እንጂ ወዲያው አይጥልም የሚል ስሞታ በዛ። ስለዚህ ከአትባራ ውጊያ በፊት ወታደሮች የጥይታቸውን ጫፍ በሞረድ እንዲቆርጡ ታዘዙ። ጫፉ የተቆረጠ ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደ እንጉዳይ ይጠፈጠፋል፤ ቁስሉም እጅግ ይሰፋል። በሕንድ ካልካታ አጠገብ በዱምዱም የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተሠራው ተመሳሳይ ጥይት ለዚህ ዓይነቱ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ለዌብሊ ሽጉጥም በ1898 ጫፉ የተቦረቦረ ጥይት ወጣ።

ቸርችል ዱምዱምን ቀድሞ በሕንድ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ያውቁት ነበር፤ በ1898 ባሳተሙት የመጀመሪያ መጽሐፋቸው የጥይቱን አሠራር አድንቀው፣ የሚያደርሰውን ጉዳት ዘግናኝነትም አልሸሸጉም። ከኦምዱርማን በኋላ ግን ድምፃቸው ተለወጠ። በ1899 ባወጡት ባለ ሁለት ቅጽ የሱዳን ዘመቻ ታሪክ የቆሰሉ ሱዳናውያን የተያዙበትን መንገድና የመህዲው መቃብር መደፈሩን በመንቀፍ ኪችነርን አስቆጡ።

በዚያው ዓመት በሔግ የተሰበሰቡ መንግሥታት ሰውነት ውስጥ ገብቶ በቀላሉ የሚሰፋ ወይም የሚጠፈጠፍ ጥይት በጦርነት እንዳይሠራበት አወጁ። ብሪታኒያ መጀመሪያ ተቃወመች፤ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1907 ነው። ሕጉ ለኢትዮጵያውያን መራራ ትዝታ አለው። በ1935 እና 1936 ወረራ ጊዜ ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያውያን በዱምዱም ተዋጉ ስትል ለመንግሥታቱ ማኅበር ከሰሰች፤ ክሱንም ለመርዝ ጋዝ ጭፍጨፋዋ መሸፈኛ አደረገችው።

በእጅ ያልተገኘው ሽጉጥ

ከኦምዱርማን ከአንድ ዓመት በኋላ ቸርችል ከሠራዊቱ ወጥተው የጋዜጣ ዘጋቢ ሆነው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። ኖቬምበር 15 ቀን 1899 የተሳፈሩበት የብረት ልብስ የለበሰ ባቡር በቺቭሊ አቅራቢያ በቦር ተዋጊዎች ተጠቃና ከሐዲዱ ወጣ። ቸርችል ዘጋቢ መሆናቸውን ረስተው በጥይት ውርጅብኝ ሥር ሐዲዱን የዘጉትን ፉርጎዎች ለማስወገድ ሲታገሉ ዋሉ። ለሥራው እንዳይከብዳቸው ማውዘሩን ከነመታጠቂያው ፈትተው ባቡሩ ሞተር ላይ አኖሩት። ሞተሩ ቁስለኞቹን ጭኖ ሲያመልጥ ሽጉጡም አብሮ ሄደ።

ቸርችል ወደ ቀሩት ወታደሮች በእግራቸው ሲመለሱ አንድ ፈረሰኛ ጠመንጃውን ደግኖባቸው ቆመ። እጃቸውን ወደ ወገባቸው ሰደዱ፤ ምንም አልነበረም። እጃቸውን አነሡ። ሽጉጡ ቢኖር ኖሮ በኦምዱርማን እንዳደረጉት መተኮሳቸው አይቀርም ነበር። ጠመንጃ አነጣጥሮ ከቆመ ሰው ጋር በሽጉጥ መግጠም ደግሞ በዚያ ርቀት ሞትን መጥራት ነው።

አደጋው በዚህ አላበቃም። በደረት ኪሶቻቸው ውስጥ አሥር አሥር የማውዘር ጥይት የያዙ ሁለት ማጉረሻዎች ነበሩ። ጥይቶቹ በኦምዱርማን ከተጠቀሙባቸው ዓይነት ሲሆኑ ጫፋቸው ለስላሳ ነበር። በሔግ ከታወጀው ክልከላ ገና አራት ወር አላለፈም። ሲቪል ሆኖ በውጊያ የተሳተፈ ሰው ሊረሸን እንደሚችል ያውቁ ነበር፤ በዚህ ላይ የሚጠፈጠፍ ጥይት በኪሱ ከተገኘ ማስተባበያ የለውም። አንዱን ማጉረሻ ማንም ሳያያቸው መሬት ላይ ጣሉት። ሁለተኛውን ሊጥሉ ሲሉ አንድ ቦር ተመልክቶ ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። መሬት ላይ ያገኙት ዕቃ መሆኑን ነገሩት። ሰውዬው ተቀብሎ አየውና ወረወረው።

በኦምዱርማን ያዳኗቸው ጥይቶች ቺቭሊ ላይ ሊያስገድሏቸው ተቃርበው ነበር። ቸርችል ከአንድ ወር በኋላ ከፕሪቶሪያ እስር አምልጠው የዓለም ዜና ሆኑ፤ በ1900 በዚያ ዝና የፓርላማ ወንበር አገኙ።

ከ7.63 ወደ 11.43

ክርክሩ በአትላንቲክ ማዶም ቀጠለ። የአሜሪካ ወታደሮች በፊሊፒንስ ጦርነት የያዙት 0.38 ካሊበር ሽጉጥ አጥቂን አላስቆመልንም ሲሉ ስላማረሩ፣ በ1904 ጆን ቶምሰንና ሐኪሙ ሉዊስ ላ ጋርድ በቺካጎ ቄራ ከብቶችና አስከሬኖች ላይ ልዩ ልዩ ጥይቶችን ሞከሩ። ካሊበሩ ከ0.45 ኢንች ማነስ የለበትም የሚል ምክር አቀረቡ። ከዚሁ ጋር ልዩ ስፍራ ካልተመታ የትኛውም የሽጉጥ ጥይት ሰውን ወዲያው ለማቆሙ ዋስትና እንደሌለው አሳሰቡ። ጦሩ ምክሩን ተቀብሎ በ1911 ጆን ብራውኒንግ የነደፉትን 0.45 ኮልት ታጠቀ። ማሳሰቢያውን ግን ብዙዎች ዘነጉት።

ቸርችልም በጊዜያቸው ወደ ትልቁ ካሊበር ዞሩ። በ1915 የዳርዳኔልስ ዘመቻ ከሽፎ ከመንግሥት ሥልጣን ሲወጡ፣ ወደ ፈረንሳይ የጦር ግንባር የዘመቱት ኮልት 1911 ይዘው ነበር። ይህ ሽጉጥ ሰባት ጥይት ይይዛል፤ 15 ግራም ገደማ የሚመዝነውን፣ 11.43 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን አረር በሰከንድ 250 ሜትር ገደማ ይተኩሳል። በ1916 መጀመሪያ በቤልጂየም የስድስተኛው ሮያል ስኮትስ ፊውዚለርስ አዛዥ ሆነው ምሽግ ውስጥ ከረሙ። በዚያ ምሽግ ሞት የሚመጣው ከመድፍ ነበር፤ ሽጉጥ የመጨረሻ አማራጭ እንጂ ዋና መሣሪያ አልነበረም።

በ1940 ጀርመን ብሪታኒያን ትወራለች ተብሎ ሲፈራ፣ የ65 ዓመቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በቼከርስ መኖሪያቸው ተኩስ ይለማመዱ ነበር። በዚያው ዓመት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከእንግሊዝ በግብፅ በኩል ኻርቱም ገቡ፤ ጃንዋሪ 20 ቀን 1941 ከሱዳን ድንበር ተሻግረው በሜይ 5 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። ወጣቱ ቸርችል በሽጉጥ የተዋጉበት አገር የኢትዮጵያ ነጻነት መመለሻ በር ሆነ።

ያልተቋጨው ክርክር

ቸርችል ጃንዋሪ 24 ቀን 1965 በ90 ዓመታቸው አረፉ። የማውዘራቸው ጥይት ግን አልሞተም። ሶቪየቶች ከእርሱ ተነሥተው ለቶካሬቭ ሽጉጥ 7.62 ሚሊሜትር ጥይት ሠሩ፤ እርሱም በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ወደ ብዙ የአፍሪካ አገራት ገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው ማካሮቭ 9 ሚሊሜትር ይባል እንጂ ጥይቱ በምዕራባውያን ሽጉጦች ከሚተኮሰው 9 ሚሊሜትር ጋር አይለዋወጥም፤ አረሩ በጥቂቱ ይወፍራል፣ ቀለሁም ያጥራል።

በአሜሪካ ደግሞ በ1986 ማያሚ ላይ በተደረገ የተኩስ ልውውጥ ሁለት የፌደራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍቢአይ) አባላት ሲገደሉ፣ ቢሮው ጥፋቱን በ9 ሚሊሜትር ጥይት ላይ ጥሎ ወደ ትላልቅ ካሊበሮች ዞረ። ከሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ ወደ 9 ሚሊሜትር ተመለሰ። ጥይቱ ተሻሽሏል፤ ሽጉጡ ብዙ ጥይት ይይዛል፤ ተኳሾችም በቀላሉ ዒላማ ይመቱበታል የሚል ነበር ምክንያቱ። በ1904 የተሰጠው ማሳሰቢያ ከአንድ ምዕተ ዓመት በኋላ ሰሚ አገኘ፦ የሚወስነው አረሩ የት እንደሚያርፍና ምን ያህል ጠልቆ እንደሚገባ ነው።

በጦርነት የተከለከለው የሚጠፈጠፍ ጥይትም በአንዳንድ አገራት በከተማ ፖሊሶች እጅ ይገኛል። የሔጉ ክልከላ ጦርነትን እንጂ የፖሊስ ሥራን አይመለከትም። የፖሊሶቹ መከራከሪያ ድፍን ጥይት አጥቂውን በስቶ፣ ግድግዳውንም አልፎ ጎረቤት ሊገድል ይችላል የሚል ነው። ቤት ከቤት በተጣበቀበት ሰፈር ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም።

ጀብራ ይህን በቅርቡ አይታለች። በሴፕቴምበር 2021 የሱዳን የደኅንነት አባላት ራሱን እስላማዊ መንግሥት ብሎ ከሚጠራው ቡድን ጋር ግንኙነት አላቸው ያሏቸውን ሰዎች ለመያዝ ወደ ሰፈሯ ሲገቡ አምስቱ ተገደሉ። የሠለጠኑና የታጠቁ ሰዎች ነበሩ። በኤፕሪል 2023 በሠራዊቱና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የሰፈሩ ነዋሪ ከከባድ መሣሪያ ለማምለጥ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ለእርሱ የሽጉጥ ካሊበር ትርጉም አልነበረውም።

ቸርችል በከረሪ ሜዳ ማውዘሩን ጨብጠው በመገኘታቸው ተረፉ፤ በቺቭሊ ደግሞ ስላልጨበጡት ተረፉ። በሁለቱም ቦታ ሽጉጡ ያው 7.63 ነበር።